ባለሜዳ ሆኖ በሰው ሜዳ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የስፖርት ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



 በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ስፖርት የሚናገር ሰው የተገኘውን ዋንጫ ማንሣቱ የተለመደ ነው። እኛ ግን ከእውነቱ ብንነሣ ይሻላልና፣ በዚህ ዓመት ዋንጫ አላመጣንም። ልንነግራችሁ የተነሣነው ሜዳችን ተቆፍሮ ሳለ የራሳችንን ግጥሚያ በሰው ሜዳ ስለ ተጫወትንበት ዓመት ነው። ነገሩ ለአንዳንድ ሰው ትንሽ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ከዚህ ትንሽ ነገር ያገኘነው ትምህርት በክፍል ውስጥ ከተማርነው የማያንስ ስለ ሆነ፣ ለእናንተ ማካፈሉን እንደ ግዴታ ቆጥረነዋል።

በእግር ኳስ ዘንድ «ባለሜዳ» የሚባል ቃል አለ። ባለሜዳ ማለት እንግዳ ቡድን ተቀብሎ በራሱ ሜዳ የሚያስተናግድ ቡድን ነው። ቃሉ ባለቤት፣ ባለርስት፣ ባለአገር ከሚሉት ቃላት ጋር አንድ ቤተ ሰብ ነው። ባለሜዳ የሜዳውን ጉድጓድና ጉብታ ያውቃል፤ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ያውቃል፤ ከዳር ሆነው የሚጮኹለትን ሰዎች በድምፃቸው ይለያል። በሊግ ውድድር እያንዳንዱ ቡድን አንድ ጊዜ ባለሜዳ አንድ ጊዜ እንግዳ ሆኖ እንዲጫወት የሚደረገውም ይህ ጥቅም ለሁሉም እንዲዳረስ ነው። እንግዲህ ባለሜዳ የሚለው ስም ሳይወሰድበት ሜዳው ብቻ የተወሰደበት ቡድን ምን ይባላል? የዓመቱ ጥያቄያችን ይህ ነበር።

የእኛ ነገር እንዲህ ነው። የግቢያችን አፈር ዋልካ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሲወርድ ውሃው መሄጃ አጥቶ ይተኛበታል፤ በበጋ ደግሞ መሬቱ ይሰነጠቅና እግር የሚያስገባ ንቃቃት ይከፍታል። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጓደኞቻችን ቁርጭምጭሚታቸው ወለም ካላቸው በኋላ፣ ሜዳው ተቆፍሮ፣ በዙሪያው የውሃ መውረጃ ቦይ ተቀዶ፣ ጠጠርና አሸዋ ተነጥፎ፣ በላዩ አፈርና ሣር እንዲለብስ ተወሰነ። ሥራው ሲጀመር ሁላችንም ደስ አለን። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የዓመቱ የግጥሚያ ዝርዝር ወጥቶ ስንመለከተው፣ በባለሜዳነት የምንጫወታቸው ስድስት ግጥሚያዎች ነበሩ፤ ሜዳ ግን አልነበረንም።

ክበባችን ስብሰባ አደረገ። ከፊሎቻችን፣ «ቡድኑ ለአንድ ዓመት ይቅር፤ ሜዳው ሲያልቅ እንደገና እንጀምራለን» አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ፣ «ሁሉንም ግጥሚያ በእንግድነት እንጫወት» አልን። በዚህ መካከል የሴቶች ቡድን ተጫዋቾች ተነሥተው፣ «የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚመጣ ዓመት የላቸውም፤ ለእነሱ ለአንድ ዓመት ይቅር ማለት ለሁልጊዜው ይቅር ማለት ነው» አሉ። ከዚህ በኋላ የሚከራከር አልተገኘም። ሜዳ ለመዋስ ወሰንን። ከከተማው በወዲያኛው በኩል ያለ አንድ ትምህርት ቤት ልመናችንን ሰምቶ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሜዳውን ሊያውሰን ፈቀደ።

ይህን ስንወስን እንዲህ ያለ ነገር የደረሰብን የመጀመሪያዎቹ እኛ አለመሆናችንን እናውቅ ነበር። በዚችው በከተማችን፣ በጣና ዳር፣ ከእኛው የሚበልጥ ታሪክ ተፈጽሟልና በአጭሩ እናስታውሳችኋለን።

የባሕር ዳር ስታዲዮም ከ50 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ ታስቦ የተጀመረ ነው። ሥራው ሙሉ በሙሉ ሳይጠናቀቅ ብሔራዊ ቡድናችንን ማስተናገድ ጀመረ። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፈችው በዚህ ሜዳ ነው። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ ይህም ድል ቡድናችን ከ2005 ዓ.ም. በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ ዋንጫ እንዲያልፍ እጅግ የረዳው ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዚምባብዌን 1 ለ 0 ረታ። እኛ በዚያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። በየሰፈራችን ከቤት ወጥተን ስንጮህ፣ ደስ ያለን ማሸነፋችን ብቻ አልነበረም። አገሪቱ ያሸነፈችው በእኛ ከተማ፣ እኛ በምናውቀው ሣር ላይ ስለ ነበረ ነው።

መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ በዚሁ ሜዳ 3 ለ 1 አሸነፈችን። ሽንፈት የጨዋታ ወግ ነውና ይቻላል። የከበደን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። ካፍ የሚባለው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲዮሙ ደረጃውን አልጠበቀም ብሎ ዓለም አቀፍ ግጥሚያ እንዳይደረግበት ከለከለ። የአዲስ አበባ ስታዲዮምም ለእድሳት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ብሔራዊ ቡድኗን የምታስተናግድበት አንድ የተፈቀደ ሜዳ አጣች።

ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚያሳዝን የሚገባን የቀድሞውን ስናስታውስ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ስታዲዮም የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በተደረገ ጊዜ፣ በአሠልጣኙ በይድነቃቸው ተሰማ የሚመራውና ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል የሆነለት ቡድናችን፣ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን በአገሩ አስቀርቷል። መንግሥቱ ወርቁ በዚያ ቀን ግብ አግብቷል። በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን ይህንኑ ውድድር እንደገና አስተናግዳለች። ሦስት ጊዜ አፍሪካን የጋበዘ ቤት፣ ኋላ የራሱን ልጆች የሚያስቀምጥበት አጣ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቡድናችን የተንከራተተበትን መንገድ በካርታ ላይ ተከትለን በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ አይተነዋል። ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ጋናን የተቀበለችው በጆሃንስበርግ በኦርላንዶ ስታዲዮም ነው፤ 1 ለ 1 ወጡ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ሰኔ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. በማፑቶ ከማላዊ ጋር፣ ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በሞሮኮ በኤል ጃዲዳ ከሴራሊዮን ጋር ያለ ግብ ተለያየች። ጳጉሜን 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በዳሬ ሰላም በዴሞክራቲክ ኮንጎ 2 ለ 0 ተሸነፈች። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከጊኒ ጋር ያደረገቻቸው ሁለት ግጥሚያዎች ሁለቱም በአቢጃን ነበሩ፤ ጊኒም እንደኛው በአገሯ የምታስተናግድበት ሜዳ አልነበራትምና፣ ሁለት ቤት የሌላቸው ሰዎች በሦስተኛ ሰው ቤት ተራ በተራ እንደሚገባበዙ ያህል ሆነ። መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ግብፅን በካዛብላንካ ተቀብላ 2 ለ 0 ተሸነፈች።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል እኛን ያስደነቀን በኪንሻሳ የሆነው ነው። ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ቡድናችን በዚያች ከተማ በባለሜዳነት ታንዛኒያን ገጥሞ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ከሦስት ቀን በኋላ ኅዳር 10 ቀን፣ በዚያው ስታዲዮም፣ በዚያው ሣር ላይ፣ አሁን እንግዳ ሆኖ ዴሞክራቲክ ኮንጎን 2 ለ 1 አሸነፈ። ባለሜዳ ተብሎ ተሸነፈ፣ እንግዳ ተብሎ አሸነፈ። ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። ባለሜዳነት በወረቀት የሚሰጥ ስም ብቻ ከሆነ ምንም ኀይል እንደሌለው ከዚህ ተረዳን። ሰው የሌለበት፣ የሚያውቀው የሌለው ባለሜዳ፣ ስሙን ብቻ ለብሶ የቆመ እንግዳ ነው። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ይህን ይመስለናል።

የከተማችን ክለብ ባሕር ዳር ከነማም ይህንኑ ቀምሷል። የጣና ሞገዶቹ የ2015ን የፕሪሚየር ሊግ ውድድር ሁለተኛ ሆነው ጨርሰው ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያልፉ፣ የታንዛኒያውን አዛምን በባለሜዳነት የተቀበሉት ከሐይቃቸው ግማሽ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በአዲስ አበባ፣ በአበበ ቢቂላ ስታዲዮም ነው። ነሐሴ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. 2 ለ 1 አሸነፉ። ነሐሴ 19 ቀን በዳሬ ሰላም በዚያው ውጤት ተሸንፈው፣ በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈው ወደሚቀጥለው ዙር አለፉ። እኛ ይህን ደስታ በሬዲዮና በስልክ ሰማነው። ደስ አለን፤ ነገር ግን የልጁን ሠርግ በወሬ እንደ ሰማ ሰው፣ ደስታችን ጎደሎ ነበረ።

አንዳንድ ሰው «ካፍ ለምን ይህን ያህል ይጨክናል? ኳስ መቼም በሣር ላይ ነው የሚሮጠው» ይላል። እኛም እንዲህ እንል ነበር። ኋላ ግን ነገሩን ስናጠና አሳባችን ተለወጠ። ለእያንዳንዱ ተመልካች የተለየ ወንበር፣ በቂ መውጫ በር፣ የሕክምና ክፍል፣ ለተጫዋቾችና ለዳኞች ንጹሕ መልበሻ ክፍል፣ ሌሊቱን ቀን የሚያደርግ መብራት፣ ውሃ የማይተኛበት ሣር፣ እነዚህ ሁሉ ጌጦች አይደሉም። ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም. በያውንዴ በኦሌምቤ ስታዲዮም በር ላይ ሕዝብ ተጨናንቆ ስምንት ሰዎች ሞተዋል። ያ ስታዲዮም አዲስ ነበር፤ ያለቀም ነበር። በር አንድ ቀን በደንብ ካልተጠበቀ ይህን ያህል ጥፋት የሚያደርስ ከሆነ፣ ያላለቀ ስታዲዮም ምን ሊያደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ «ቤታችሁን ጨርሱ» መባል ስድብ አይደለም። የከተማችንን ስታዲዮም ወደ ደረጃው ለማድረስ ሥራ መጀመሩም ለዚህ ነው።

ሜዳውን ለእድሳት ትቶ መሰደድ በድኻ አገር ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም። ባርሴሎና የሚባለው የስፔን ታላቅ ክለብ 99 ሺህ ሰው የሚይዘውን ካምፕ ኑን ለማደስ ሲል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግማሹን ያህል ወደሚይዘው ወደ ሞንትዡይክ ተራራ ስታዲዮም ሄደ። ለ125ኛ ዓመት የምሥረታ በዓሉ ሊመለስ አስቦ ነበር፤ ሥራው ስለ ዘገየ ግን የተመለሰው ከበዓሉ አንድ ዓመት ያህል በኋላ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ያን ያህል ሀብት ያለው ክለብ ለራሱ በዓል አልደረሰም፤ እኛ ለበዓላችን መድረሳችንን ስናስብ ግንበኞቻችንን ማመስገን ይገባናል።

በብርድ አገር ደግሞ ሆኪ የሚባል ጨዋታ አለ። በበረዶ ላይ በጫማ ምላጭ እየተንሸራተቱ በቆልማማ ዱላ የሚጫወቱት ነው። እኛ ሩርን በዱላ እየመታን ከምንጫወተው ከገና ጋር ዘመድ ይመስላል፤ የሚለየው ገና ጨዋታ ሰፊ መስክ ካገኘ ሌላ ምንም የማይፈልግ መሆኑ ነው። ሆኪ ግን ያለ ቤት አይሆንም። በአሜሪካ በአሪዞና ኮዮቲስ የሚባል የታወቀ የሆኪ ቡድን ነበር። የሚጫወትበት አዳራሽ ኪራዩን አላድስ ስላለው፣ ለጊዜው ተብሎ አምስት ሺህ ሰው እንኳ ወደማይሞላ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ገባ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ሁለት የውድድር ዘመን በዚያ ተጫወተ። አዲስ ቤት እሠራለሁ ሲል ሳይሠራ ቀረና፣ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ተጫዋቾቹ ተጠቃልለው ወደ ሶልት ሌክ ከተማ፣ ወደ ሌላ ግዛት ሄዱ። እንግዲህ «ለጊዜው» የሚለው ቃል ሁለት መንገድ አለው። የሚሠራ ሰው ካለ ወደ ቤት ይመልሳል፤ የሚሠራ ሰው ከሌለ ጨርሶ ያስወጣል።

አሁን ወደራሳችን ነገር እንመለስ።

በተዋስነው ሜዳ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ግጥሚያዎች ተሸነፍን። ምክንያት ከመደርደር እውነቱን መናገር ይሻላል። መረቡን፣ ኳሱን፣ የኖራውን ከረጢት፣ የውሃውን ጀሪካን በባጃጅ ጭነን ስንደርስ ደክመን ነበር። ሜዳው ከእኛው ሰፋ ይላል፤ ከክንፍ የምትሻማውን ኳስ አጥቂዎቻችን በለመዱት ቦታ ሲጠብቋት እሷ ሌላ ቦታ ትወድቃለች። ከሁሉም በላይ ግን ዳሩ ባዶ ነበር። ወላጆቻችን መንገዱ ራቃቸው፤ የክፍል ጓደኞቻችንም የባጃጅ ዋጋ አልነበራቸውም። በሁለተኛው ግጥሚያ ግብ አግብተን ስንዞር ያጨበጨበልን የስፖርት መምህራችን ብቻ ነበር። በዚያ ቀን ኪንሻሳን አስታወስን።

ሽንፈቱ ግን ያሳፈረን ነገር አይደለም። ያሳፈረን ከሦስተኛው ግጥሚያ በኋላ የሆነው ነው። ተናደን ስለ ነበረ የውሃ ላስቲኩን፣ የብርቱካኑን ልጣጭ፣ የቆሰለ እግር ያሰርንበትን ጨርቅ ሁሉ በሜዳው ዳር ጥለን ተነሣን። በር ላይ ስንደርስ የዚያ ትምህርት ቤት ዘበኛ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ አስቆሙን። አልተቆጡም።

«ልጆቼ፣ እናቶቻችሁ ከጎረቤት ማሰሮ ተውሰው ሲመልሱ አጥበው ነው ወይስ ከነእድፉ?» አሉን።

ከመካከላችን አንዱ፣ «አጥበው ነው አባባ» አለ።

«እንግዲያስ» አሉና ወደ ሜዳው ጠቆሙን።

ተመለስን፤ ያልጣልነውንም ጨምረን ለቀምን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጨዋታ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ሜዳውን ሳናጸዳ አንወጣም። ይህ ሕግ የወጣው በስብሰባ አይደለም፤ ከሐፍረት የወጣ ነው። የሚገርመው ግን እኛ መሬቱን ማጽዳት ስንጀምር ሜዳው እያወቀን መጣ። የት እንደሚሰነጠቅ፣ የት እንደሚጎደጉድ ጎንበስ ብለን ስንለቅም አየነው። የዚያ ትምህርት ቤት ልጆችም መጀመሪያ በሩቅ ይመለከቱን ነበር፤ ኋላ አብረውን መልቀም፣ ከዚያም ቆመው ለእኛ መጮኽ ጀመሩ። አራተኛውን ግጥሚያ እኩል ወጣን፤ አምስተኛውንና ስድስተኛውን አሸነፍን። የሴቶቹ ቡድንም ከስድስቱ አራቱን አሸንፏል። ዋንጫ ግን አልደረሰንም፤ የመጀመሪያው ጉድለት ሊሞላ አልቻለም።

በዚያ ሜዳ ላይ ጎንበስ ስንል ሌላም ነገር አሰብን፤ ይህንንም ዛሬ በወላጆቻችን ፊት መናዘዝ አለብን። የራሳችን ሜዳ የተበላሸው በዋልካው ብቻ አይደለም። የድሮውን የውሃ መውረጃ ቦይ በቆሻሻ የደፈንነው እኛ ነን። ከዳር የነበሩትን አግዳሚ ወንበሮች እየተፈናጠጥን የሰበርናቸው፣ ሳንቃቸው ሲወድቅም ማንም ያነሣል ብለን አልፈናቸው የሄድነው እኛ ነን። መረቡ ሲቀደድ አንድ ቀን የሚፈጀውን ስፌት ሳንሰፋ፣ ቀዳዳው በር እስኪያህል ጠብቀናል። «ትምህርት ቤቱ ያሠራዋል፤ መንግሥት ያሠራዋል» እንል ነበር። እምቦጭ ጣናን እንዴት እንደ ወረረው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዲት ቅጠል ሆኖ ሲታይ ማንም አልፈራውም፤ ተዘርግቶ የዓሣ አጥማጁን ታንኳ መንገድ ሲዘጋ ግን ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ይውል ጀመር። ቸልተኝነትም እንዲሁ ነው። ሲጀምር አንድ ሰው ይነቅለዋል፤ ሲቆይ አገር ይጠራበታል።

እንግዲህ ዛሬ ከቀትር በኋላ አዲሱ ሜዳችን ይከፈታል። ሣሩ ለምልሟል፤ ቦዩ ተቀድዷል፤ አዳዲስ አግዳሚዎች ተተክለዋል። ይህን ሜዳ ስንረከብ የስፖርት ክበባችን አራት ነገሮች ለማድረግ በፊታችሁ ቃል ይገባል።

አንደኛ፣ በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ የውሃ መውረጃውን ቦይ እንጠርጋለን። ይህን የሚሠራው ቅጣት ያለበት ተማሪ አይሆንም፤ ማልያ የሚለብስ ሁሉ ነው። ቦይ መጥረግ ቅጣት ከሆነ፣ ቅጣት የሌለበት ተማሪ ቦዩን አያየውም።

ሁለተኛ፣ በክረምት ሣሩ ሥር እስኪይዝና መሬቱ እስኪጠጥር ድረስ ማንም በታኬታ አይገባበትም፤ እኛም ጭምር። ለዚህም መታገሥ ከባድ እንደሚሆን እናውቃለን።

ሦስተኛ፣ ሜዳው ለወንዶችና ለሴቶች ቡድን እኩል ቀን ይከፈላል። ቡድኑ ይቅር ባልን ጊዜ እንዳይቀር ያደረጉት እነሱ ስለ ሆኑ፣ ይህ ችሮታ ሳይሆን ዕዳ ነው።

አራተኛ፣ ወደፊት በከተማችን ሜዳው ታድሶለት እስኪያልቅ የሚቸገር ትምህርት ቤት ቢኖር፣ እኛ ሳይለምነን እናውሳለን። መዋስን የተማረ ሰው ማዋስን ካልተማረ፣ ትምህርቱ ግማሽ ነው።

ወላጆቻችን፣ ከእናንተ የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገንዘብ አይደለም። ለዚህ ሜዳ የሚቻላችሁን አድርጋችኋል። የምንለምናችሁ መጥታችሁ እንድትቆሙ ነው። በዚያ ባዶ ዳር ስንጫወት የተማርነው ባለሜዳ የሚያደርገው ሣሩ ብቻ አለመሆኑን ነው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጥቂት ጊዜ ቢኖራችሁ፣ ልጆቻችሁ ባይጫወቱም እንኳ፣ ኑ። ብንሸነፍም በሐዘን አብራችሁን ትመለሳላችሁ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ።

መምህሮቻችን፣ በዚያ ዓመት በየቅዳሜው ከቤታችሁ ተለይታችሁ ከእኛ ጋር በባጃጅ ስለ ተጓዛችሁ፣ ውለታችሁን እንዲህ በአጭር ቃል ልንጨርሰው አንችልም።

ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ እናንተ በአዲስ ሜዳ ላይ ትጀምራላችሁ፤ ስለዚህ ዕድለኞች ናችሁ። ግን ዕድላችሁ አደጋም አለበት። ያላጣ ሰው ያለውን አያውቅም። እኛ አጥተን ያወቅነውን እናንተ ሳታጡ ታውቁት ዘንድ ይህን ንግግር በመጽሔቱ እንዲታተም ለምነናል። የባሕር ዳር ስታዲዮምም ተጠናቆ ብሔራዊ ቡድናችን በሐይቃችን ዳር እንደገና ባለሜዳ ሆኖ ሲሰለፍ፣ ያን ቀን ወንበር የሚሰብር ሳይሆን ወንበር የሚጠብቅ ተመልካች ያስፈልገዋል። ያ ተመልካች ዛሬ በዚህ ግቢ ውስጥ እንዲያድግ እንመኛለን።

ንግግራችንን የምንፈጽመው በመጀመሪያ ባነሣነው ጥያቄ ነው። ስሙ ቀርቶለት ሜዳው የተወሰደበት ቡድን ምን ይባላል ብለን ነበር። መልሱን ያገኘነው ከእኒያ ሽማግሌ ዘበኛ ነው፤ የያዘውን መሬት አጽድቶ የሚመልስ ሰው በየትም ቢሆን ባለሜዳ ነው፤ የራሱን መሬት የሚያበላሽ ደግሞ በቤቱም እንግዳ ነው።

ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት በአዲሱ ሜዳ የመጀመሪያውን ግጥሚያ የምናደርገው ሜዳውን ካዋሰን ትምህርት ቤት ጋር ነው። እኒያን ሽማግሌም ጠርተናቸዋል፤ ከፊት ባለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ሁላችሁም ኑልን። ከጨዋታው በኋላ ለአሥራ አምስት ደቂቃ አትቸኩሉ፤ የምንለቅመው ነገር ይኖራል።